የሀገርን የኑሮ ደኅንነት በአንድ ቁጥር መለካት፦ ክብደቱን ማን ይወስናል?

ጥያቄ፦ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጣው የሰብአዊ ልማት መለኪያ ለጤና፣ ለትምህርትና ለገቢ እኩል ክብደት፣ ማለትም በመጨረሻው ውጤት ውስጥ እኩል ድርሻ ይሰጣል። ይህ ከዘፈቀደ ውሳኔ በምን ይለያል?

መልስ፦ ጠያቂያችን የነኩት የጉዳዩን ሥር ነው። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1990 በፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በማህቡብ ኡል ሐቅ መሪነት፣ በሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በአማርትያ ሴንም እገዛ ሲቀርብ፣ እኩል ክብደቱ ከሒሳብ የተገኘ ሳይሆን ሦስቱም ዘርፎች ለሰው ልጅ እኩል ያስፈልጋሉ ከሚል ፍርድ የመነጨ ነበር። ክብደት አለመስጠት የሚባል ነገር የለም፤ እኩል ማድረግም ራሱ ውሳኔ ነው። እኩልነቱም ቢሆን እስከ ታች አይዘልቅም፤ ጤና የሚለካው ሲወለዱ በሚጠበቅ ዕድሜ ብቻ ስለሆነ ያ አንድ አመልካች ሲሶውን ሲይዝ፣ ትምህርት ግን ሁለት አመልካቾች ስላሉት ለእያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል።

ከክብደቱ ባልተናነሰ የሚወስነው የማዋሐጃው ስሌት ነው። ከ0 እስከ 1 በሚሰጠው ነጥብ በሦስቱም ዘርፎች 0.6 ያላት ሀገርና 0.9፣ 0.6 እና 0.3 ያላት ሀገር በተራ አማካይ እኩል 0.6 ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሚሠራበት፣ በማባዛት ላይ በተመሠረተው ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ግን የሁለተኛዋ ውጤት ወደ 0.545 ይወርዳል። ለውጡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገቢዋ ስላደገ ብቻ ልጆቿ ትምህርት ያጡባት ሀገር እንደ ደላት ልትቆጠር አይገባም።

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የተሻለ ሕይወት መለኪያ የ11 ርዕሶችን ክብደት ተጠቃሚው ራሱ እንዲወስን ፈቅዷል። እኔ የምመርጠው ግን ክብደቱ ቢቀየር የሀገሮች ደረጃ ምን ያህል እንደሚናወጥ ከውጤቱ ጋር አብሮ እንዲታተም ነው።