የ12ኛ ክፍል ፈተና አጠናን፦ ጥያቄና መልስ ከአንድ የጎጃም መምህር ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር 19 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት፣ ልጅ ሳለሁ፣ ቅኔ ቤት ነበርሁ። እዚህ ግሩፕ ላይ ስለ ኖት አያያዝና ስለ አጠናን ጠይቁኝ፤ እስከ ማታ አለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ኖት የሚጻፈው ተዘግቶ ጥያቄ እንዲወጣበት ነው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ እንዳትሰለቹኝ።

የደንበጫ ተማሪ፦ ቲቸር፣ እኔ ሾርት ኖት እጽፋለሁ። አራት ደብተር ሞልቻለሁ። ርዕሱ በቀይ፣ ትርጉሙ በሰማያዊ ነው። ሞዴል ፈተና ላይ ግን ኬሚስትሪ 38 አመጣሁ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ድካምሽ ይታየኛል። ግን ከመጽሐፍ ወደ ደብተር ስትገለብጪ የሚሠራው እጅሽ ነው። ጭንቅላትሽ አልተጠየቀም።

እንዲህ አድርጊ። ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈይው። ግራው ጠበብ፣ ቀኙ ሰፋ ይበል። ቀኙ ላይ ትምህርቱን በራስሽ ቃል አሳጥረሽ ጻፊ። ግራው ላይ ጥያቄ ብቻ ጻፊ። ይህን አያያዝ ያስተዋወቀው ዋልተር ፓውክ የሚባል የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። ማታ ቀኙን በወረቀት ሸፍነሽ፣ የግራውን ጥያቄ ጮክ ብለሽ መልሺ።

ሊሚቲንግ ሪያክታንትን፣ ማለትም ቀድሞ አልቆ ምላሹን የሚያቆመውን ንጥረ ነገር፣ እንውሰድ። ብዙ ተማሪ ትርጉሙን ጽፎ፣ አስምሮበት ያልፋል። አንቺ ግን በግራ በኩል ይህን ጻፊ፦ «4 ግራም ሃይድሮጂንና 16 ግራም ኦክስጅን ውኃ ቢሠሩ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው? ለምን?» ቀኙን ሸፍነሽ ሥሪው። 4 ስለሚያንስ ሃይድሮጂን ነው ካልሽ ተሳስተሻል። ሞል እንደ ደርዘን ያለ የቅንጣቶች መቁጠሪያ ነው፤ 4 ግራም ሃይድሮጂን 2 ሞል ነው። 16 ግራም ኦክስጅን ግማሽ ሞል ነው። አንድ ሞል ኦክስጅን ሁለት ሞል ሃይድሮጂን ይፈልጋል። ስለዚህ ግማሹ ሞል አንድ ሞል ሃይድሮጂን ብቻ ወስዶ ያልቃል። 18 ግራም ውኃ ይወጣል፣ 2 ግራም ሃይድሮጂን ይተርፋል። ደምሪው፤ 20 ይመጣል፣ የጀመርሽበት ነው። አሁን ቀኙ ላይ አንድ መስመር ጻፊ፦ «በግራም አታወዳድሪ፣ መጀመሪያ ወደ ሞል ቀይሪ።» ይቺ መስመር ከሙሉ ገጽ ትርጉም ትበልጥሻለች። የተሳሳትሽበት ቦታ ስለሆነ አትረሽውም።

የፍኖተ ሰላም ተማሪ፦ ቲቸር፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሳነብ ይገባኛል። ለምን መዝጋት ያስፈልጋል?

መልስ፦ የሚገባህ መጽሐፉ ፊትህ ስላለ ነው። ፈተናው ላይ መጽሐፉ የለም።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ግማሾቹ ደግመው አነበቡት፤ ግማሾቹ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። እኛን የሚያታልለን አምስቷ ደቂቃ ናት። አንብበን ስንነሳ «ያዝሁት» እንላለን። በሳምንቱ የለም።

ቅኔ ቤት ይህን ያወቅነው ያለ ጥናት ነው። ተማሪው ለብቻው ራቅ ብሎ ይቀመጥና ቅኔውን ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ መጥቶ የኔታ ፊት ይናገራል። የያዘው ወረቀት የለም። የኔታ እዚያው ያርማሉ። የሚጀምረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ወደ ረጅሙ ቅኔ ወደ መወድስ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው። እኔ ከዚያ ያገኘሁት ልማድ ነው ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ። ደብተሩን ዝጉ።

የቢቸና አባል፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልተስማማሁም። የቆሎ ተማሪ አጠናን ሽምደዳ ነው። የእኛን ትምህርት የጎዳውም ሽምደዳ ነው።

የደብረ ኤልያስ አባል፦ ወንድሜ፣ ዳዊት መድገምና ቅኔ አንድ አይደሉም። ዳዊቱ ቃል በቃል ይያዛል፣ እውነት ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግመህ ብታመጣ ግን ማን ይቀበልሃል? በየቀኑ አዲስ ነው የሚጠየቀው።

የቢቸና አባል፦ ግሱስ? የግእዝ ግስ ሳይሸመደድ ቅኔ አለ እንዴ?

የደብረ ኤልያስ አባል፦ የለም። ግሱ እንጨቱ ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ግን ተማሪው ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች ሸምድዱ፣ አትፍሩ። ኬሚስትሪ እዚያ ቆመ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው።

የሞጣ ተማሪ፦ ቲቸር እንዴት ልጎብዝ?

መልስ፦ በየትኛው ትምህርት? የትኛው ምዕራፍ? ለይተህ ጠይቀኝ።

የቡሬ ተማሪ፦ በቀን ስንት ሰዓት ላጥና?

መልስ፦ ሰዓት አትቁጠር። ደብተር ዘግተህ የመለስኸውን ጥያቄ ቁጠር።

የዳንግላ ተማሪ፦ ኖቱን በእንግሊዝኛ ልጻፈው ወይስ በአማርኛ?

የቡሬ ተማሪ፦ በእንግሊዝኛ ነዋ! ፈተናው በእንግሊዝኛ አይደል?

የሞጣ ተማሪ፦ ካልገባህ በእንግሊዝኛ ጽፈህ ምን ይጠቅምሃል? እኔ ባዮሎጂን በአማርኛ ነው የማስበው።

የቡሬ ተማሪ፦ አስበው፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ኦስሞሲስ» ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ሁለቱንም አድርጉ። ማስረዳቱን በአማርኛ ጻፉ፤ ወንድምህ እንዲገባው አድርገህ እንደምትነግረው ማለት ነው። ስሙንና ቀመሩን መጽሐፉ እንደጻፈው ያዙት። የግራው ጥያቄ ግን በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ፈተናው የሚጠይቃችሁ እንደዚያ ስለሆነ። ብዙ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ የጥያቄው እንግሊዝኛ ይጥለዋል። «ከሚከተሉት የትኛው ትክክል ያልሆነው ነው» የሚለውን «ትክክል የሆነው» ብሎ የሚያነብ ስንት ተማሪ አይቻለሁ! አሉታዋን ቃል አክብቡባት።

የደጀን ተማሪ፦ ሃይላይተርስ? እኔ ያለ እሱ አላጠናም።

መልስ፦ ማስመር ብቻውን ጥናት አይደለም። ደብተሩን ዝጋ።

የሉማሜ ተማሪ፦ ያጠናሁት ይጠፋብኛል። በወሩ ስመለስ እንደ አዲስ ነው።

መልስ፦ የሁሉም ሰው ይጠፋል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ይህንኑ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳትሟል። ትርጉም የሌላቸው ቃላት ያጠናና ምን ያህሉ እንደጠፋበት ይለካ ነበር። አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ በወሩ መመለስ ረፈደ። ዛሬ ያጠናሽውን ነገ ጠይቂው። ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ። ቀኑን በገጹ ራስ ላይ ጻፊው። ሲመለስልሽ ምልክት አድርጊበት፤ ካልተመለሰልሽ ወደ ነገ መልሺው። በየመመለሱ የሚፈጀው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የወሰደብሽ ምዕራፍ በወሩ አምስት ደቂቃ ሊበቃው ይችላል።

የቡሬ ተማሪ፦ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠና አልነገሩንም ቲቸር።

መልስ፦ ነግሬሃለሁ። ከላይ አንብብ።

የአንዲት ተማሪ እናት፦ መምህር፣ ልጄ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ታጠናለች። 12 ሰዓት ትነሳለች። ቡና ነው የሚያቆማት። ልከልክላት?

መልስ፦ ይከልክሏት፣ እናቴ። ቀን የተጠናው የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ትተኛ፣ ማለዳ ትነሳ። ማታ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ እርስዎ ያጠይቋት። ፊደል ባይቆጥሩም ይቻላል። «ዛሬ የተማርሽውን ንገሪኝ» ይበሏት፤ አስረድታ ካልጨረሰች አልያዘችውም ማለት ነው።

የጎንቻ ተማሪ፦ ጫት ለጥናት ይረዳል ይላሉ?

መልስ፦ አይሆንም። ቀጥሎ።

የአማኑኤል ተማሪ፦ ጥያቄው ወጣ የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ገንዘብህን ይበሉሃል። ውጣበት።

የሰከላ ተማሪ፦ እኛ ጋ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። 10ኛንም 11ኛንም በቅጡ አልተማርንም። አሁን 12ኛ ነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ጥያቄ ነው። ልጄ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ከገጽ አንድ ግን አትጀምር፤ ጊዜህ አይበቃም።

ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ፈልግ። ሰዓት ይዘህ ሥራ፤ ባታውቀውም ሥራው። ከዚያ የተሳሳትኸውን በሦስት ክፈል፦ ጨርሶ ያልተማርኸው፣ ተምረህ የረሳኸው፣ እያወቅህ በችኮላ የሳትኸው። ብዙ ልጅ ሁሉንም «አላውቅም» ብሎ ይጥለዋል። ስትለየው ግን ሦስተኛው ክምር ካሰብኸው በላይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከእሱ ጀምር፤ ቶሎ ውጤት ይሰጥሃል። ከዚያ ወደ ረሳኸው። ካልተማርኸው ውስጥ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ የሚቆምበትን ምረጥ። ኬሚስትሪ ላይ ሞል ነው። እሱን ካልያዝህ የሶሉሽን ኮንሰንትሬሽንም (በውኃ የሟሟው ነገር መጠን)፣ ጋዝም፣ የአሲድና ቤዝ ስሌትም አይከፈትልህም።

እነዚህን ስህተቶች አንድ ደብተር ላይ ጻፍ። ጥያቄው፣ የሳትሁበት ምክንያት፣ ልኩ። ይህ የስህተት ደብተር ነው። ሌላው ኖት ሁሉ ቢጠፋ እሱ አይጥፋ።

የዳንግላ ተማሪ፦ ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩን። ፈተናው ይታለፋል? እኛ ጋ ሁሉም ፈርቷል።

መልስ፦ ብትፈሩም አልፈርድባችሁም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ያላለፉትን ተማሪዎቼን ደብተር አይቼዋለሁ። የሞላ፣ ያማረ፣ አንድም ጥያቄ የሌለበት ነው። እኔም አስተማሪያቸው ሆኜ ገልብጡ ብያቸው ነበር። ያ አሁንም ያመኛል። ለዚህ ነው ዛሬ የምጨቀጭቃችሁ።

የሞጣ ተማሪ፦ እሽ ለይቼ ልጠይቅ። ኖቴ በሙሉ ስልኬ ላይ ነው፣ ፒዲኤፍ። ለፈተና ሳምንት ምን ልያዝ?

መልስ፦ አሁን ጥሩ ጠየቅህ። ወደ ፈተናው ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ኖትህ ስልክ ውስጥ ከሆነ በዚያ ሳምንት የለህም። ከዛሬ ጀምረህ የስህተት ደብተርህን በእጅህ ጻፍ፤ በየትምህርቱ አሥር ገጽ ይበቃል። ከቤት የምትወጣ ዕለት ከልብስህ ጋር እሱን ክተት። ፒዲኤፉን ተወው።