ኮንሶ ድረስ ለምን? ከባሕር ዳር ለተነሱ ጥያቄዎች መልስ

በትንሽ ገንዘብ ሩቅ አገር ስለ መጓዝ የጠየቃችሁኝን በየተራ እመልሳለሁ። ምሳሌዬ ኮንሶ ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጣና ደጃችን ላይ እያለ ደሴቶቹን እንኳ ያላየን ሰዎች ኮንሶ ምን እንሠራለን?

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ ደቅን ያላየ የባሕር ዳር ልጅ ብዙ ነው። እሱንም በሕዝብ ጀልባ ሄደህ እይ። ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። ዘጌን በሬ የማይጠመድበት፣ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ምድር ሲባል ስለሰማን አይደንቀንም፤ ዝም ብለን እናልፈዋለን። ኮንሶም የጎሳ መሪዎች ቤተሰብ የሚጠብቃቸው ጫካዎች አሉ። መሪዎቹ የሚቀበሩት እዚያው ነው፤ ዛፉ እንዲሁ አይቆረጥም። ያን አይቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው ስለ ዘጌ መጠየቅ የጀመርኩት፦ ደንቡን የሚያስከብረው ማን ነው? ቡና ዋጋ ሲያጣስ ልጆቹ ምን ይላሉ?

ጥያቄ፦ ያጠራቀምኩትን ላውጣ ስል እናቴ «ሶፋ ግዢበት» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ የቤት ኪራይ ካለብሽ እናትሽ ልክ ናቸው፤ ተበድሮ መጓዝን አልመክርም። ከተረፈሽ ግን ሂጂ። መኪና የተከራየ ሰው የኮንሶን የድንጋይ እርከን በመስኮት አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ማታ ሎጅ ይገባል። በአውቶቡስ ስትሄጂ ከአርባ ምንጭ ጀምሮ አጠገብሽ የተቀመጠችው ነጋዴ የማሽላ ዋጋ ታወራሻለች፤ የኮንሶ ዋና ከተማ ካራት ስትደርሺ ገበያው ውስጥ የምታውቂው ሰው አለሽ ማለት ነው። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ስለሚቆም ቀኑን በዚያ አስይው።

ጥያቄ፦ እርከን እኮ ጎጃምም አለ!

መልስ፦ አለ እንጂ። የኮንሶው በድንጋይ ተክቦ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከ400 ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረ ነው። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን እንጨቱ ነው። አንድ ትውልድ ተራውን ሲረከብ፣ ብዙውን ጊዜ በየ18 ዓመቱ፣ መንደሩ አደባባይ ላይ ረጅም ግንድ ይተከላል። ግንዶቹን ቆጥረህ የመንደሩን ዕድሜ ትገምታለህ። እኛ ዘመን የምንቆጥረው በንጉሥ ነው።

ጥያቄ፦ ምግብስ?

መልስ፦ ካራት እንጀራ አይጠፋም። አንተ ግን ኩርኩፋ ብላ፤ ድብልብል የማሽላ ወይም የበቆሎ ሊጥ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ነው። መጠጡ ጨቃ ይባላል፤ ጠላ የለመደ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ አስጎብኚውን ትቼ ብሩን ብቆጥብስ?

መልስ፦ አይሆንም። በመኝታ ቆጥብ፤ በአስጎብኚና በመንደር መግቢያ አትቆጥብ። ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ አማርኛ ስለማይናገሩ ያለ አስተርጓሚ ድንጋይ አይተህ ብቻ ትመለሳለህ። ፎቶም አስፈቅድ። እንግዳ ሰው ግቢያችን ድረስ ካሜራ ይዞ ቢገባ እኛ የምንለው ይታወቃል!

ጥያቄ፦ መንገዱስ?

መልስ፦ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ኮንሶ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን ከመነሳትህ በፊት ሾፌሮችን ጠይቅ። መልሳቸው ካላማረህ ለዚያኛው ብቻ በአውሮፕላን ሂድ፤ እሱም ከበዛብህ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆየው።