ጥያቄና መልስ፦ ከሚደበድብ ባል መሸሽ ቃል ኪዳን ማፍረስ ነውን?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን መምህር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ታናሽ እኅቴ በተክሊል አግብታ ከባሏ ጋር በአሜሪካ ትኖራለች። ባሏ ይደበድባታል፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ገና ስላላለቀም «ለፖሊስ ብትናገሪ ወደ ሀገርሽ ትባረሪያለሽ» እያለ ያስፈራራታል። እናታችን «መስቀልሽ ነውና ቻይው፤ የቆረብሽበትን ጋብቻ አታፍርሺ» ትላታለች፤ ስለ እርሷም ለግሸን ማርያም ተስላለች። ለተደበደቡ ሴቶች መጠለያ አለ ቢሏትም፣ እዚያ ጾሟን እንዳትፈታ፣ ከሃይማኖቷም እንዳትወጣ ፈራን። ምን ብለን እንምከራት?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጋብቻ ቅዱስ ምሥጢር መሆኑን፣ በተክሊልና በቁርባን የጸናውም በቀላሉ እንደማይፈታ ታውቃላችሁና እርሱን እንደ አዲስ አላስተምርም። የምቆየው በእናታችሁ ቃል ላይ ነው፤ ይህንኑ ቃል ከደሴም ከወልድያም ከኮምቦልቻም ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ ሀገርና ወደ አሜሪካ ከላኩ ብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁና። እናቶቻችን ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም፤ ልጃቸው በሰው ሀገር ያለ ባል፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ዘመድ ስትቀር እየታያቸው ነው። ነገር ግን የራሳቸውን ፍርሃት የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርገው ሲነግሯት፣ ልጅቱ ከባሏ ዱላ በላይ የእግዚአብሔርን ቁጣ እየፈራች በዚያ ቤት ትቀራለች።

ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ ቃል ኪዳኑ የሚፈርሰው ሚስት ከቤት በወጣች ቀን ይመስላቸዋል። ነቢዩ ሚልክያስ ስለ ጋብቻ ቃል ኪዳን ሲናገር የወቀሰው ባሎችን ነበር፤ እግዚአብሔር በባልና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር ሆኖ መቆሙን አስታውሶ፣ በግፍ ሥራ የሚመላለሰውን ባል አጥብቆ ይገሥጻል (ሚል 2፥14-16)። ቅዱስ ጳውሎስ ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው እንዲወድ አዝዟል (ኤፌ 5፥28-29)፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል አስጠንቅቋል (1ጴጥ 3፥7)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጉም፣ አገልጋይን ሴት መምታት እንኳ ነውር ከሆነ የነፃነት አጋር የሆነችውን ሚስት መምታት ምንኛ ይከፋ ብሎ ባሎችን በብርቱ ቃል ገሥጿል። እንግዲህ እጁን ባነሣባት ቀን በምስክሩ በእግዚአብሔር ፊት ቃሉን ያፈረሰው እርሱ ነው፤ ነፍሷን ለማዳን የምትወጣዋ ሴት ለዚህ ተጠያቂ አትሆንም።

ባል ራስ ነውና ከሥሩ አትውጣ የሚሉም አሉ። ሳኦል በእግዚአብሔር የተቀባ ንጉሥ ነበረ፤ ዳዊትም አክብሮት እጁን አላነሣበትም፤ ሳኦል ጦሩን በወረወረበት ጊዜ ግን ሸሸ፣ ሚስቱ ሜልኮልም በመስኮት አወረደችው (1ሳሙ 19፥10-12)። ማክበር በጦሩ ፊት መቀመጥን አላስገደደውም። እናታችሁ የተሳለችላት እመቤታችንም ራሷ ልጇን ከሄሮድስ ሰይፍ ለማትረፍ በሌሊት ወደ ግብፅ የተሰደደች ናት፤ በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ ይህን ስደቷን እናስባለን። ስለቷን አልነቅፍም፤ መስከረም 21 ግሸን ወጥታ ታድርስ። ነገር ግን ድንግልን «ልጄን አድኚልኝ» እያለች፣ ልጅቱ የምትድንበትን በር ራሷ ልትዘጋባት አይገባም።

መለየትና መፋታት አንድ እንዳልሆኑም ለእናታችሁ አስረዷት። ሐዋርያው «ብትለያይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ከባልዋ ትታረቅ» ይላል (1ቆሮ 7፥11)፤ ተለይታ የምትኖር ሚስት እንዳለች ያውቃል ማለት ነው። ፍቺ የሚለው ነገር የሚታይበት ጊዜና ሥርዓት ስላለው ዛሬ በስልክ ልትወስኑት አትሞክሩ፤ አስቀድማ በሕይወት ትትረፍ።

ባሏ ስለ መኖሪያ ፈቃዷ የሚነግራትን እንደ እውነት አትቀበሉት። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለመከላከል በወጣው ሕግ መሠረት፣ ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ከሆነ፣ የተደበደበች ሚስት እርሱ ሳይፈርምላትና ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ማመልከቷን ለእርሱ እንዳይነግር ሕግ ይከለክለዋል። የያዘችው የ2 ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ከሆነም፣ ጥቃቱን አስረድታ ያለ ባሏ ፊርማ ቋሚ እንዲሆንላት መጠየቅ ትችላለች። እርሱ ዜጋም ቋሚ ነዋሪም ካልሆነ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የወንጀል ተጎጂ ሆነው ከፖሊስ ጋር ለሚተባበሩ ሰዎች ዩ ቪዛ የሚባል ፈቃድ ደንግጓል፤ በዓመት ለዋና አመልካቾች የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ግን ወረፋው ረጅም ነው። የእርሷ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ የሚለይላት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ በሮማዊ ዜግነቱ ተከራክሯል፣ በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ 22፥25፤ 25፥11)፤ የሀገሩ ሕግ በሰጣት መብት መጠቀሟ እምነቷን አያጎድልባትም።

አደጋ በደረሰባት ሰዓት 911፣ ለምክርና መጠለያ ለማግኘት ደግሞ 1-800-799-7233 ትደውል፤ በአስተርጓሚ ያነጋግሯታል። አስተርጓሚዋ ሴት እንድትሆንላት፣ ከምታውቃቸው የከተማዋ ምእመናንም እንዳትሆን ከመጀመሪያው ትጠይቅ፤ ብዙ እኅቶቻችን ገመናዬ በደብሩ ሁሉ ይወራል ብለው ዝም የሚሉት በዚህ ነውና። እናንተም ስትደውሉላት እርሱ አጠገቧ ሊኖር፣ ስልኳንም ሊያይ እንደሚችል አትርሱ። ፓስፖርቷን፣ የጋብቻ ማስረጃዋንና የሐኪም ወረቀቷን እርሱ በማይደርስበት ቦታ ታኑር።

ስለ ጾሙ እንደ ገባች ለመጠለያው ሠራተኞች ትንገራቸው፤ የጾም ምግብ ማለት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት መሆኑን ብትገልጽላቸው የሚቸገሩበት ነገር አይደለም። አንዳንድ ቀን ባይመቻት ለንስሐ አባቷ ነግራ ትጽናናለች። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የተገፉትን አርነት ማውጣት እንደሆነ ኢሳይያስ ነግሮናል (ኢሳ 58፥6)፤ ጾሟን ለማክበር ተብላ ወደ ዱላ ልትመለስ አይገባም። የንስሐ አባታቸው አንድ ከሆነ ግን፣ ካህኑ እርሷን ለብቻዋ ካልሰማት በባሏ ፊት እውነቱን ልትናገር እንደማትችል አባቶች ሊያስቡበት ይገባል።

የስልክ ሽምግልናንም ተዉት። በእኛ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሰማቸው አበጋሮች ተቀምጠው ሲያስታርቁ፣ በዳዩ በጎረቤትና በዘመድ ዓይን ሥር ይውላል፤ ያጠፋ እንደሆነ ደግሞ ይጠየቃል። በስልክ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ግን «ይቅር ተባባሉ» ብሎ ከዘጋ በኋላ የዚያን ቤት በር የሚያንኳኳ የለም፤ እርሷም ሰውየው አጠገቧ ተቀምጦ «ደኅና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ባልየው በእውነት ከተጸጸተ በንስሐ አባቱ ፊት ይመስክር፣ በሕግ የሚጠየቅበትን ይቀበል፣ መለወጡም በረጅም ጊዜ ይታይ፤ ስለ እርቅ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እኅትሽ ከእናቷ አፍ «ውጪ ልጄ፣ አልቆጣሽም» የሚለውን ቃል መስማት አለባት። ይህን ማለት ለእናታችሁ ከከበዳት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሻት ነይ፤ እኔ አነጋግራታለሁ።