ራስ የሚንጥ ነፋስ፦ ስለ ሞተር ሳይክል የነፋስ መከላከያ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ነፋስ መከላከያ፣ ማለትም ከመሪው ፊት ስለሚገጠመው ፕላስቲክ፣ የላካችሁልኝ ጥያቄ ብዙ ነው። ሞተር ሳይክል መንዳትና መጠገን ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛልና የማውቀውን እነሆ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሥራዬ ከባሕር ዳር ጎንደር ያመላልሰኛል። ነፋሱ ደረቴን እየመታ ስላስቸገረኝ ረጅም መከላከያ አስገጠምኩ። ደረቴ ዐረፈ፤ ራሴ ግን እንደ ቅል ይናጣል። ወረታ ስደርስ ማጅራቴ ደንዝዞ፣ ዓይኔም መንገዱን እያንቀጠቀጠ ያሳየኛል። መከላከያው ታዲያ ምኑን ተከላከለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መከላከያ ነፋስን አያጠፋም፤ አቅጣጫውን ነው የሚያስቀይረው። ክረምት ላይ ዓባይ ድልድይ ላይ ቆመህ ቁልቁል ተመልከት። ውኃው ምሰሶው ዘንድ እስኪደርስ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ምሰሶውን ካለፈ በኋላ ግን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አዙሪት እየፈጠረ ይሄዳል። ነፋሱም የመከላከያህን የላይ ጠርዝ ሲያልፍ የሚሆነው ይኸው ነው። አዙሪቶቹ እየተፈራረቁ ሄልሜትህን ይመቱታል፣ አንገትህም እያንዳንዱን ምት ለመመለስ ሲታገል ይደክማል።

ሰዎችን ለማሳመን ብዙ የደከምኩበት ነገር ይህ ነው፦ ራስን የሚጎዳው ጠንካራ ነፋስ ሳይሆን የተሰባበረ ነፋስ ነው። ወጥ ሆኖ የሚመጣን ነፋስ አንገት ይለምደዋል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግ። መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ መናጡ በሚሰማህ ፍጥነት እየሄድክ ከመቀመጫህ ጥቂት ከፍ በል። መናጡ ቆሞ ድምፁ ወጥ ከሆነ ራስህ ንጹሕ ነፋስ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ መከላከያው ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ቁጭ ብለህ ጎንበስ በል። ጸጥታው የመጣው ጎንበስ ስትል ከሆነ ደግሞ መከላከያው አጥሮብሃል። ሙከራውን ከአይሱዙ ጀርባ ሆነህ አታድርገው፤ ከትልቅ መኪና ኋላ ያለው ነፋስ ቀድሞውኑ የተሰባበረ ስለሆነ ያታልልሃል።

ጥያቄ፦ እኔን ከተማ ውስጥ ምንም አይሰማኝም። ሐሙሲትን አልፌ ስፈጥን ነው የሚጀምረኝ። ለምን?

መልስ፦ የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወጣ ፍጥነትህ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ግፊቱ ግን 2.25 እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ መከላከያህን በምትጓዝበት ፍጥነት ፈትነው። ፓፒረስ ሆቴል አካባቢ ዞር ዞር ብሎ «ተስተካክሏል» የሚል ሰው በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ነፋሱ ከላይ ሳይሆን ከታች ሽቅብ አገጬ ሥር ሲገባ ነው የሚሰማኝ። የቁመት ጉዳይ ነው?

መልስ፦ የለም እኅቴ፣ ያንቺ የቁመት ጉዳይ አይደለም። ሰፊ መከላከያ ነፋሱን ሲገፋ ከኋላው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። ያንን ጉድለት ለመሙላት አየር ከታችና ከጎን እየተሳበ ይገባል። ጀርባሽን ወደ ፊት የሚገፋ ነገር ከተሰማሽም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ጣት የሚያህል የሱፍ ክር ቆርጠሽ በመከላከያው ውስጠኛ ፊት ላይ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ በፕላስተር ለጥፊ። ሁለት ሦስት ደግሞ በፋኖሱ (በፊት መብራቱ) እና በመሪው መካከል አድርጊ። ሌላ ሰው ይንዳ፤ አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ተመልከቺ። ባለፈው ወር የአንድ ወጣት ሞተር ላይ ይህንኑ አድርገን ነበር። ከላይ ያሉት ክሮች ጸጥ ብለው ተኝተው ሳለ፣ ከፋኖሱ በላይ የለጠፍነው ክር ሽቅብ ቆሞ እንደ እባብ ምላስ ይወናጨፍ ነበር። ልጁ አዲስ መከላከያ ሊገዛ ገንዘብ ቆጥሮ ይዞ ነበር የመጣው። መከላከያውን ከፋኖሱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አራቅነውና ጥቂት አየር በስተጀርባው እንዲያልፍ መንገድ ሰጠነው። የወጣው ወጪ አራት ረጃጅም ብሎንና ጎሚኒ (የብሎን ላስቲክ) ብቻ ነው። ክሩ ተኛ፣ የልጁም ራስ ዐረፈ።

ክፍተት መስጠት ካልረዳ በተቃራኒው ይሞከራል፤ በፊት ጎማው ሁለት ዘንጎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በወፍራም ላስቲክ መሸፈን። ግን ላስቲኩ ጎማውንም ገመዶቹንም እንዳይነካ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሮ ማየት የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሙከራው መከላከያዬ እንደ ረዘመብኝ አሳየኝ። ራሴ ብቆርጠው ይሰነጠቃል?

መልስ፦ በችኮላ ከተቆረጠ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ግን የት ድረስ እንደምትቆርጥ እወቅ። ጠርዙ በአፍንጫህና በአፍህ መካከል ሆኖ፣ መንገዱን የምታየው በፕላስቲኩ ውስጥ ሳይሆን ከጠርዙ በላይ መሆን አለበት። ምሽት ላይ የሐይቁ ዳር ነፍሳት ፕላስቲኩን ሲያለብሱትና የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት የዚህ ጥቅም ይገባሃል።

የምትቆርጥበትን መስመር በሁለቱም ፊት በፕላስተር ሸፍን። በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ፣ በዝግታ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ሳታስበልጥ ቁረጥና ነድተህ ሞክረው። የተቆረጠ አይመለስም። ጠርዙን በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ የቀረች ጭረት የስንጥቅ መነሻ ናት። አዲስ ቀዳዳ ከበሳህም ከብሎኑ ሰፋ አድርገው፣ ጎሚኒ አስገባበት፣ ብሎኑንም አታንቀው። እኔ የመጀመሪያውን መከላከያዬን ያጣሁት ብሎኑን አጥብቄ አስሬ ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ፕላስቲኩ የሚለጠጥበት ቦታ አጥቶ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተተረተረ።

ጥያቄ፦ በቤንዚን ሳጸዳው ደበዘዘብኝ። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ የለውም። ቤንዚን ፕላስቲክን ይበላል፣ ያሰነጥቃልም። ውኃ፣ ቀላል ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የደረቀ ነፍሳት ካለበት እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሰው እንጂ አትፈትገው።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ በፎገራ ሜዳ ሳልፍ መሪው ራሱ ይወዛወዝብኛል። ይህም ከመከላከያው ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ግን በቀላሉ እንዳታየው። ቀን ቀን ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ወደ ጎንደር ስትሄድ በግራ ጎንህ ይመጣብሃል ማለት ነው። መከላከያው መሪው ላይ የታሰረ ሰፊ ዓይነት ከሆነ እንደ ሸራ ነፋሱን ተቀብሎ በቀጥታ ለመሪው ያስተላልፋል። ፍጥነትህን ቀንስ፣ ክንድህን አላላ፤ መሪውን አንቆ የሚይዝ ሰው ውዝዋዜውን ያብሰዋል። ቤትህ ስትደርስ የጎማህን አየርና የመሪውን ኩሽኔታ አስመርምር። እነሱ ደኅና ከሆኑ መከላከያውን ፈትተህ በዚያው መንገድ ሞክር። ውዝዋዜው ከጠፋ ያንን መከላከያ መልሰህ አትሰረው።

ጥያቄ፦ ማታ ስተኛ ጆሮዬ ይጮኻል። ያልፋል?

መልስ፦ ዛሬ ያልፍ ይሆናል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ግን አብሮህ ይቀራል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ95 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) በላይ ነው። የሙያ ጤና ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት የሚፈቅዱት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ95 ዴሲቤል አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጎንደር ድረስ ያለውን መንገድ አስበው።

ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ግዛ። ጩኸቱን ይቀንሳል እንጂ ጥሩንባ ከመስማት አያግድህም። ሄልሜትህንም ፈትሽ፤ አገጩን ይዘህ ስትነቀንቀው ጉንጭህ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ሰፍቶሃል። የሰፋ ሄልሜት ትንሹን አዙሪት ትልቅ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከኋላዬ ስትቀመጥ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምትናጠው።

መልስ፦ መቀመጫዋ ከፍ ስለሚል ከአንተ ጀርባ የሚወጣው አዙሪት ፊቷ ላይ ያርፋል። ተጠግታህ ትቀመጥ። ለውጡን ስትሞክርም እሷን ይዘህ ውጣ፤ ለአንተ ያማረው ለእሷ ሊከፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሞተሬ ከባሕር ዳር መራዊ ልጆቼን ለመጠየቅ ነው የምሄድበት። ያልሞከርኩት የለም፤ ሦስት መከላከያ ቀያይሬያለሁ፣ ራስ ምታቱ ግን አልተወኝም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ አባቴ፣ አራተኛ አይግዙ። የታሰረበትን ብሎኖች ፈትተው መከላከያውን ቤት ያስቀምጡትና አንድ ጊዜ ያለ እሱ መራዊ ደርሰው ይመለሱ። ወፍራም ጃኬት ይልበሱ፣ የሄልሜትዎን መስታወት ይዝጉ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር አይለፉ። ደረትዎን ነፋስ ይነካዋል፤ የሚነካዎት ነፋስ ግን ወጥ ስለሚሆን ራስዎ ላይ የሚያርፈው ዱላ ይቆማል ብዬ አስባለሁ። ከመንገድ ሲመለሱ ማጅራትዎ እንዴት እንደ ዋለ ይጻፉልኝ።