«ከዋሽንግተን አዲስ ስንት ሰዓት ነው?» ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ከዋሽንግተን ደለስ ቦሌ ርቀቱ ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ጠዋት በሀበሻ 1 ሰዓት ቦሌ ደርሼ ትኬቱ ላይ 8:30 የሚለውን (በሀበሻ ሁለት ሰዓት ተኩል) የባሕር ዳር በረራ ልያዝ ወይ ብለሻል። እኔ ይቺን መንገድ በፈረንጅ 2019 ከፍዬ ነው የተማርኳት።

1. በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ስትሄጂ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ። ስትመለሺ ግን ከ16 ሰዓት በላይ ነው፣ እንዳትደነግጪ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ጓዝ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ነፋሱም ከፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። የኛ ደብሊን ላይ ነበር የቀዳው። አጠገቤ የነበሩ እናት ደረስን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነስተው ነበር። መልሰን አስቀመጥናቸው።

2. የሰዓት ልዩነቱ በአሜሪካ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ነው። እኛ ሰዓት አናዞርም። እኔ የተበላሁት ግን በዚህ አይደለም።

የባሕር ዳሩን ትኬት ይረክሳል ብዬ ለብቻው ቆረጥኩ፣ ቨርጂኒያ ካለ አንድ የሀበሻ ትኬት ቢሮ። ወረቀቱ ላይ 10:00 ይላል። «እህት፣ ይሄ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አልኳት። ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ «አዎ አዎ» አለችኝ። የቱ ነው አዎ? ደግሜ ስጠይቃት «ወንድሜ፣ ወረፋ አለ» ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። እኔም የአገር ውስጥ በረራ በአገር ሰዓት ነው የሚጻፈው ብዬ ለራሴ ፈታሁት። አስር ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ። 18 ዓመት አሜሪካ ኖሬ የሀበሻ ሰዓት አልረሳሁም ብዬ ደግሞ ኮርቻለሁ!

ቦሌ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ያኔ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ይበቃኝ ነበር። ገርጂ እህቴ ጋ ሄድኩ። ጨጨብሳ በላሁ፣ ቡና ተፈላ። ቶናው ላይ የእህቴ ልጅ ወረቀቱን አንስቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አራት ሰዓት ነው» አለኝ። የግድግዳው ሰዓት ለአራት አምስት ጉዳይ ይላል። እናቴ ባሕር ዳር አየር ማረፊያ የጎረቤት መኪና አስይዛ ቆማለች። ትኬቱ ተቃጠለ። በማግስቱ አዲስ ቆርጬ ስሄድ ሁለቱ ሻንጣዎቼ በአገር ውስጥ ኪሎ ተመዘኑና ለትርፉ ደግሞ ከፈልኩ። ለብቻው በመቁረጥ ያተረፍኩት 40 ዶላር ነበር።

3. እና አንድ ላይ ቁረጪ። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ወደሚቀጥለው የሚያዛውርሽ ይኖራል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ስድስት ቀንሺለት። 10:00 አራት ሰዓት፣ 16:00 አስር ሰዓት።

የ8:30ውን ተይው። ኢሚግሬሽኑ፣ ሻንጣው፣ ጉምሩኩ፣ ከዚያ እንደገና ፍተሻ አለ። ልጆችም ይዘሻል። በረራው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ የከሰዓቱን ብትይዢም ሳይመሽ ትገቢያለሽ።