የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድራይቨር ክብደትና የምት ቁጥጥር

በዚህ እትም ስለ ድራይቨር፣ ማለትም ኳስን አርቆ ለመምታት ስለሚያገለግለው ረጅሙ የጎልፍ ዱላ፣ ክብደት ከተላኩልን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ግራና ቀኝ ስንል ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ የሆነ አንባቢ አቅጣጫውን ይገልብጠው።

ጥያቄ፦ 65 ግራም ሻፍት (ዘንግ) ያለውን ድራይቨሬን ትቼ 45 ግራም ሻፍት ያለው ገዛሁ። የሁለቱም ስዊንግ ዌይት ዲ3 ነው ተብያለሁ። አዲሱ አልፎ አልፎ ከድሮው አርቆ ይመታል፤ ግን አንዱ ኳስ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይሄድብኛል። ዲ3 ከዲ3 በምን ይለያል?

መልስ፦ ዲ3 የሚለው የስዊንግ ዌይት ቁጥር ድራይቨሩ ስንት ግራም እንደሆነ አይነግርዎትም። የሚነግርዎት ዱላው ከመያዣው ጫፍ 14 ኢንች ላይ ቢደገፍ ኳሱን ወደሚመታው ራሱ በኩል ምን ያህል እንደሚያጋድል ብቻ ነው። በመሆኑም በጠቅላላ ክብደት በ20 ግራም የሚለያዩ ሁለት ድራይቨሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ።

ይህን ቤትዎ ሆነው በወጥ ቤት ሚዛንና በሜትር ማረጋገጥ ይችላሉ። ዱላውን በግራም ይመዝኑ። ቀጥሎ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አጋድመው ወደየትም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ነጥብ ይፈልጉ፤ ከመያዣው ጫፍ እስከዚያ ያለውን ርቀት በኢንች ይለኩ። ከርቀቱ 14 ቀንሰው የቀረውን በግራሙ ያባዙ። ውጤቱ 6050 አካባቢ ከሆነ ዲ0 ነው፤ ከዚያ በላይ በየ50ው አንድ ነጥብ ይጨምራል። 312 ግራም የሚመዝንና 33.9 ኢንች ላይ የሚቆም ድራይቨር 6200 ገደማ ይሰጣል፤ ይኸውም ዲ3 ነው። 290 ግራም የሚመዝንና 35.4 ኢንች ላይ የሚቆመውም ያንኑ 6200 ይሰጣል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ እጅዎ ላይ ግን 22 ግራም ጎድሏል።

ሌላም ነገር አለ። ሻፍት በ20 ግራም ሲቀል ስዊንግ ዌይቱ በ2 ወይም በ3 ነጥብ መውረድ ነበረበት። ካልወረደ ወይ ራሱ ከብዷል፣ ወይ ዱላው ረዝሟል። ግማሽ ኢንች ርዝመት ብቻውን ወደ 3 ነጥብ ስለሚጨምር ሁለቱን ድራይቨሮች ለምት እንደሚያስቀምጧቸው መሬት ላይ አሳርፈው፣ ጎን ለጎን ይዘው ያወዳድሩ። ቀላል ሻፍት ያላቸው ብዙ ድራይቨሮች ረዘም ተደርገው ስለሚሠሩ አዲሱ ረዝሞ ቢያገኙት አይገረሙ።

ኳሱ ግራና ቀኝ የሚበተነው ለምንድን ነው? ዱላው ሲቀል፣ ከላይ ወደ ታች መመለስ በሚጀምርበት ቅጽበት እጅን ቆይ የሚለው ነገር ይቀንሳል። ወገብና ትከሻ ገና ሳይዞሩ እጅ ይቀድማል፤ የምቱ ፍጥነት ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። ውጤቱ የድራይቨሩ ፊት ላይ ይታያል። ኳሱ ቶው ላይ፣ ማለትም ከሻፍቱ በራቀው ጎን ሲያርፍ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ሂል ላይ፣ ወደ ሻፍቱ በሚጠጋው ጎን ሲያርፍ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አልፎ አልፎ የሚያዩት ረጅም ምት መሃሉን ያገኘው ነው።

ሻፍት ከመቀየርዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። በነጭ ሰሌዳ ማርከር ኳሱ ጀርባ ላይ ወፈር ያለ ነጥብ ያድርጉና ነጥቡ የድራይቨሩን ፊት እንዲያይ ቲ፣ ማለትም የኳስ ማቆሚያው ችንካር፣ ላይ ያስቀምጡት። ሲመቱት ነጥቡ ፊቱ ላይ ይታተማል። በእያንዳንዱ ድራይቨር አስር አስር ኳስ ይምቱ፤ አምስት በአንዱ፣ አምስት በሌላው እያፈራረቁ፣ አለዚያ ድካም ውጤቱን ያዛባዋል። የየኳሱን ምልክት ወረቀት ላይ አስፍረው ፊቱን በጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ አዲሱን ከመያዣው ጫፍ አንድ ኢንች ዝቅ ብለው ጨብጠው አስር ኳስ ይድገሙ። ምልክቶቹ ወደ መሃል ከተሰበሰቡ ጥፋቱ የርዝመቱ ነው። ከሂል እስከ ቶው እንደተበተኑ ከቀሩ ክብደቱ አንሶዎታል፤ በቀጥታ ወደ 65 ከመመለስ መጀመሪያ 55 ግራም ገደማ ሻፍት ይሞክሩ። ሁሉም አንድ ቦታ ተሰብስበው ያ ቦታ ከመሃል የራቀ ከሆነ ግን ነገሩ የክብደት አይደለም፤ ከኳሱ ምን ያህል ርቀው እንደሚቆሙ ይፈትሹ። በረጅሙ ምት ብቻ አይፍረዱ፤ ሜዳ ላይ ውጤትዎን የሚወስኑት የቀሩት ዘጠኙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከባድ የድራይቨር ራስ ርቀት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

መልስ፦ ከሚታሰበው ያነሰ ለውጥ ነው ያለው። ኳሱ 46 ግራም ገደማ ነው፤ የተለመደ የድራይቨር ራስ ደግሞ 200 ግራም አካባቢ። ራሱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየሄደ ኳሱን መሃል ላይ ካገኘው ኳሱ ወደ 238 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወጣል። በዚያው ፍጥነት 190 ግራም ራስ 236 ገደማ ይሰጣል። አስር ግራም የሚያመጣው ለውጥ 1 በመቶ ያህል ነው ማለት ነው፤ ራሱ ሲቀል ምትዎ በ1 በመቶ ከፈጠነ ተካክሷል። መሃሉን መሳት የሚያሳጣው ፍጥነት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ክብደትን ሲመርጡ መሃሉን ደጋግሞ የሚያስገኝልዎትን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ድራይቨሬን በአንድ ኢንች አስቆረጥኩት። አሁን ቀጥ ብሎ ይመታል፤ ነገር ግን ራሱ ያለ አይመስለኝም፣ ሻፍቱም እንደ ብረት ደርቆብኛል። በሌድ ቴፕ፣ ማለትም በሚለጠፈው የእርሳስ ብረት ጥብጣብ፣ ይስተካከላል? ምን ያህል ልጠቀም?

መልስ፦ ይስተካከላል። አንድ ኢንች ሲቆረጥ ስዊንግ ዌይቱ ወደ 6 ነጥብ ወርዷል፤ ከዲ0 ቀጥሎ ወደ ታች ያለው ሲ9 ስለሆነ ዲ3 የነበረው ሲ7 ሆኗል። ራሱ ላይ የሚጨመር 2 ግራም አንድ ነጥብ ያህል ይመልሳል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ 12 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ሻፍቱ የደረቀብዎትም ስላጠረና ራሱ ስለማይጎትተው ነው፤ ክብደት ሲጨመርበት ከበፊቱ ይልቅ ይተጣጠፋል፣ ትንሽ ለስለስ ብሎ ይሰማዎታል።

12 ግራሙን በአንዴ አይለጥፉት። በ4 ግራም ይጀምሩና አስር ኳስ ይምቱ፤ ከዚያ 4 ይጨምሩ። ብዙ ሰው ከድሮው ቁጥር 2 ወይም 3 ነጥብ ዝቅ ብሎ ይረጋጋል፣ ምክንያቱም ያጠረ ዱላ ለመቆጣጠር ያን ያህል ክብደት አይጠይቅም። ቴፑ እንደ ስፋቱና ውፍረቱ ክብደቱ ስለሚለያይ በርዝመቱ አይገምቱ፤ ቆርጠው ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል ጠርገው በደንብ ያድርቁ። ለመነሻ ከራሱ ሥር፣ ከኋላ በኩል መሃል ላይ ይለጥፉና በማንኪያ ጀርባ ጫን ብለው አየሩን ያስወጡ። ፊቱ ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም። መብዛቱን የሚያውቁት ኳሱ ደጋግሞ ወደ ቀኝ ሲወጣ ነው፤ ራሱ ዘግይቶ፣ ፊቱ እንደተከፈተ ኳሱ ጋ እየደረሰ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻውን ቁራጭ ያንሱ።

ቴፑ እርሳስ ነው። ከነኩት በኋላ ሳይበሉ እጅዎን ይታጠቡ፤ ቁርጥራጩንም ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ራሱ ላይ ያሉትን ተፈቺ ክብደቶች ከፊት ወደ ኋላ ባዛውራቸው ቁጥጥር አገኛለሁ? መያዣው ውስጥ ክብደት መጨመርስ?

መልስ፦ ከባዱን ወደ ኋላ ሲወስዱት ራሱ መሃሉን ለሳተ ምት ብዙም አይጠማዘዝም፤ ኳሱም ከፍ ብሎ ይነሳል። ወደ ፊት ሲያመጡት የኳሱ ሽክርክሪት ይቀንሳል፣ በረራው ዝቅ ይላል፤ የሳተ ምት ግን ይቅርታ አያገኝም። ወደ ሂል መውሰድ ፊቱ ቶሎ እንዲዘጋ ስለሚረዳ ኳሱ ወደ ቀኝ ለሚታጠፍበት ሰው ይጠቅማል። ጠቅላላው ክብደት ሳይለወጥ ቦታውን ብቻ ሲያዛውሩ ስዊንግ ዌይቱ ብዙ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ እጅዎ ልዩነቱን ላይሰማው ይችላል፣ ኳሱ ግን ያሳየዎታል። ብሎኑን ከዱላው ጋር በመጣው ቁልፍ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ ብቻ ያጥብቁ። ከላላ በምት ጊዜ ይንኳኳል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል።

መያዣው ጫፍ ላይ 5 ግራም ሲጨመር ስዊንግ ዌይቱ አንድ ነጥብ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ራሱ አልቀለለም፤ ያው ራስ ነው፣ እጅ ጋ ክብደት ስለተጨመረ ብቻ ቁጥሩ ወርዷል። በምት መጀመሪያ ላይ እጃቸው የሚቸኩል ሰዎች ከ10 እስከ 15 ግራም ጨምረው የተረጋጋ ምት ያገኛሉ። ራሱ የት እንዳለ ለማይሰማው ተጫዋች ግን አንመክረውም።

ጥያቄ፦ በውድድር መሃል ክብደቱን መቀየር ይፈቀዳል?

መልስ፦ አይፈቀድም። ሌድ ቴፕ መለጠፍም ሆነ ብሎን ማዛወር ዙሩ ከመጀመሩ በፊት ይጠናቀቅ። ዙር ውስጥ ቀይረው በዚያ ዱላ አንድ ምት እንኳ ከመቱ ከውድድር ይሰረዛሉ፤ ሳይመቱበት ወደነበረበት ከመለሱት ቅጣት የለም። በጨዋታ መሃል የላላ ብሎን ወደነበረበት ማጥበቅና የተነቀለ ቴፕ እዚያው ቦታ መመለስ ይፈቀዳል። ርዝመትን በተመለከተ ድራይቨር ከ48 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የውድድር አዘጋጆች በተለይ በባለሙያዎች ጨዋታ ጣሪያውን ወደ 46 ኢንች ማውረድ ስለሚችሉ ረጅም ዱላ ያለዎት ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።