«ማለት ነው»፣ «ምናምን» እና «እንትን»፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራዬ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ማቀናበር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ንግግር እየሰማሁ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ስለ አነጋገር ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ከጥያቄዎቻችሁ የተወሰኑት እነሆ።

ጥያቄ፦ «ማለት ነው» ሳልል ንግግር መጨረስ አቃተኝ። ምን ይሻለኛል?

እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ትናንት ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ጠብቄ፣ ሳጣ በእግሬ ጀምሬ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ይዞኝ…» እያልሽ ስትሄጂ ማሰሪያው ይርቅሻል። እንደምንም «ገባሁ» ላይ ስትደርሺ ሐሳቡ የተዘጋ አይመስልሽም። ስለዚህ «ገባሁ ማለት ነው» ብለሽ ትደግሚዋለሽ። ቃሉን ከማሳደድ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪው። «ትናንት ታክሲ አጣሁ። በእግሬ ሄድኩ። ዝናብ ያዘኝ።» እዚህ ውስጥ «ማለት ነው» መግቢያ የለውም። ደግሞም ቃሉን ጨርሰሽ አትጥዪው። «ጾም ነው፤ ሥጋ የለም ማለት ነው» ስትዪ ሥራ እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ «እ…» ይበዛብኛል። ያስንቀኛል?

አንድ ሁለቴ ምንም አይልም፣ ወንድሜ። ኸርበርት ክላርክ እና ጂን ፎክስ ትሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በእንዲህ ያሉ ድምፆች «ትንሽ ልዘገይ ነው» የሚል ምልክት ለአድማጭ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። በየዓረፍተ ነገሩ ሲመጣ ግን አድማጭ ይደክመዋል። «እ» ሊመጣ ሲል አፍህን ግጠም። ለአንተ ዘላለም የሚመስልህ ዝምታ ቅጂው ላይ ሳየው አንድ ትንፋሽ ነው። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» መባሉ አይቀርም፤ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ቤትህ ጨርሰህ ሂድ።

ጥያቄ፦ «ምናምን» ምን አጠፋ? ሁሉም ሰው ይለዋል እኮ።

ከጓደኛ ጋር ቡና ላይ ምንም አላጠፋም። ቀጣሪ ፊት ግን «ሒሳብ ምናምን እሠራ ነበር» ስትል የለፋህበትን ራስህ ሰረዝከው። «የደመወዝ ሰነድ አዘጋጅ ነበር፣ በየወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ አስታርቅ ነበር» በል። «እንትን»ም እንደዚያው ነው። «እንትኑን እዛ እንትን ላይ አድርጊው» ቤት ውስጥ ይሠራል፤ እጅህ ይጠቁማላ። በስልክ ግን እጅህ አይታይም።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ «ከዚህ አንጻር»፣ «የመሥራት ሥራ ተሠርቷል» የሚሉትስ?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። «እ…» የሚል ሰው ቢያንስ እያሰበ ነው። «ግንዛቤ የመፍጠር ሥራ ተሠርቷል» ግን የተማረ ሰው ንግግር ይመስላል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ማን ሠራ? ለማን? መቼ? «ረቡዕ ዕለት ነጋዴዎችን ሰብስበን ግብር እንዴት እንደሚከፈል አስረዳናቸው» ቢባል ሁሉም ይገባዋል። ያልተሠራም ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቻችንን ሁሌም የምለምናቸው «ማን?» ብለው መልሰው እንዲጠይቁ ነው። እናንተም ሪፖርት ስታቀርቡ ባለቤቱን አስቀድሙ፤ «ከዚህ አንጻር» ራሱ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ቨርጂኒያ ነው ያደገችው። አማርኛ ስታወራ በየመሐሉ «ላይክ» ትላለች። ልቆጣት?

ኧረ አይቆጧት። ቃል እየፈለገች ነው። ትንሽ ይጠብቋት፤ ካጣችው ቃሉን ቀስ ብለው ያቀብሏትና ወሬዋን ትቀጥል። በየቃሉ ከታረመች ወደ እንግሊዝኛው ትሸሻለች።

ጥያቄ፦ በምን ልለማመድ?

የምታወራውን በስልክህ ቅዳና አዳምጥ። ድምፅህ ያስጠላሃል፤ ቻለው። የሚበዛብህን አንድ ቃል ብቻ ምረጥ፤ ሁሉንም ባንዴ ካልክ አንደበትህ ይታሰራል። ከዚያ ጓደኛህ ቃሉን በሰማ ቁጥር ጠረጴዛውን መታ ያድርግልህ። በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ቶስትማስተርስ የተባለ የንግግር መለማመጃ ማኅበር በየስብሰባው «እ…» የሚቆጥር ሰው ይመድባል። መጀመሪያ ላይ ከተናገርከው በኋላ ነው የምትሰማው። እየቆየ ምላስህ ላይ እያለ ትይዘዋለህ፤ ያኔ ዝም በልና ቀጥል።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ለምን ይብስብኛል?

የሚነቀንቅልህ ፊት ስለማታይ ነው። «ይሰማል? ገባህ?» እያልክ ትሞላዋለህ። ከመደወልህ በፊት የምትናገራቸውን ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፍ፤ አንዱን ተናገርና ሰውየው እስኪመልስ ጠብቅ።